ቶንሲል በአዋቂነት ማስወጣት፦ የሁለት ሳምንቱ ሕመም ያዋጣል?

መልሱን እናስቀድም። በዓመት ሰባት ጊዜ ጉሮሮው እያበጠ ከሥራ ለሚቀር አዋቂ ያዋጣል። በዓመት ሁለቴ ታሞ፣ ሦስት ቀን በጨው ውሃ ተጉመጥምጦ ለሚነሣ አያዋጣም። በሁለቱ መካከል ላለው ሰው ነገሩ እንደ አያያዙ ነው። አያያዙ ስንል ደግሞ ስለ መሣሪያው ዘመናዊነት አይደለም፤ ከሆስፒታል ሲወጣ በእጁ ስለሚሰጠው የመድኃኒት ማዘዣ ነው። ኢትዮጵያዊ ታካሚ ማዘዣውን ከሌላው ሰው አብልጦ ማንበብ ያለበት ለምን እንደሆነ ወረድ ብለን እንገልጻለን።

የምንገመግመው በብሪታንያ የመንግሥት ሆስፒታሎች ለአዋቂዎች የሚሰጠውን የተለመደ አገልግሎት ነው፤ ጠዋት ተገብቶ አብዛኛውን ጊዜ ማታ ወደ ቤት የሚኬድበትን። እሱን የመረጥነው ውጤቱ በአዋቂዎች ላይ በጥንቃቄ የተለካው እዚያ ስለሆነ ነው። አዲስ አበባ ላይ የሚሠራው ኦፕራሲዮን በመሠረቱ ያው ነው። ልዩነት ባለበት ቦታ እየጠቆምን እንሄዳለን።

ቁጥሩ ምን ያሳያል

ናቲና የሚባለው ጥናት በ27 ሆስፒታሎች 453 ሰዎችን በዕጣ ለሁለት ከፈለ። ሁሉም 16 ዓመትና ከዚያ በላይ ናቸው። 233ቱ ቶንሲላቸው ቶሎ እንዲወጣ ተመደቡ፤ 220ዎቹ ደግሞ በሚታመሙበት ጊዜ በተለመደው መድኃኒት እየታከሙ እንዲቆዩ። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2023 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ታተመ። በ24 ወር ውስጥ ጉሮሮ የታመመባቸው ቀናት መካከለኛ ቁጥር በመጀመሪያው ቡድን 23፣ በሁለተኛው 30 ሆኖ ተገኘ።

ሰባት ቀን ብቻ? ላይ ላዩን ሲታይ ያንሳል። የሰዎቹ ልዩ ልዩ ሁኔታ ተስተካክሎ ሲሰላ ግን ወደ ኦፕራሲዮን የተመደቡት የታመሙባቸው ቀናት ከሌሎቹ በግማሽ ገደማ ያነሱ ናቸው። ጥቅሙ እውነተኛ ነው ማለት ነው። ከዚያው ቁጥር ሌላም ነገር ይነበባል፤ ቶንሲል ወጥቶም በሁለት ዓመት 23 ቀን ጉሮሮ ሊታመም ይችላል። ጉንፋን የሚያመጡ ቫይረሶች ቶንሲል ባይኖርም የጉሮሮን ግድግዳ ያቆስላሉ። «ከእንግዲህ ጉሮሮህን አያምህም» ብሎ የሚሸጥ ሐኪም ቤት ካለ ያልተለካ ነገር እየሸጠ ነው።

ጥናቱ ጉዳቱንም መዝግቧል። ኦፕራሲዮን ከሆኑት 231 ሰዎች 39 በመቶው ከሕክምናው ጋር የተያያዘ አንድ ችግር ገጥሟቸዋል። ቀዳሚው መድማት ነው፤ 44 ሰዎች፣ 19 በመቶ። የሞተ የለም። ከአምስት ሰው አንዱ፣ ትንሽም ይሁን ብዙ፣ ደም ያያል ማለት ነው። ይህ ቁጥር ከኦፕራሲዮኑ በፊት በግልጽ ካልተነገረ የምክሩ አገልግሎት ጎድሏል።

ከፊንላንድ አንድ አነስተኛ ጥናት እንጨምር። እ.ኤ.አ. በ2007 የታተመ ሲሆን በኡሉ ከተማ የስትሬፕ ባክቴሪያ ጉሮሮ ሕመም የሚመላለስባቸውን 70 አዋቂዎች አነጻጽሯል። በ90 ቀን ውስጥ ከጠበቁት 24 በመቶው በዚያው ባክቴሪያ እንደገና ታመሙ፣ ካስወጡት ግን 3 በመቶው ብቻ። በምርመራ የተረጋገጠ ስትሬፕ ያለበት ሰው የሚያገኘው ጥቅም በግልጽ የሚታይ ነው።

የኑሮ ጥራትን በመጠይቅ የሚለኩም አሉ። ከሁሉ የታወቀው በግላስጎው የተዘጋጀው 18 ጥያቄ ያለው መለኪያ ነው፤ ከዜሮ በታች 100 እስከ ከዜሮ በላይ 100 ይሄዳል፣ ዜሮ «ምንም አልተለወጠም» ማለት ነው። ቶንሲል ያስወጡ አዋቂዎች በአብዛኛው ከዜሮ በላይ ይሞላሉ። በተለይ ከፍ የሚለው ስለ አካላዊ ጤና የሚጠይቀው ክፍል ነው፦ ሐኪም ዘንድ ስንት ጊዜ እንደሚኬድ፣ ምን ያህል መድኃኒት እንደሚወሰድ፣ ሰው በሽታ ቶሎ ይይዘው እንደሆነ። እኛ ግን ከመጠይቁ ይልቅ የቀን ቆጠራውን እናምናለን። ሁለት ሳምንት ተሠቃይቶ የዳነ ሰው «ከንቱ ደከምኩ» ብሎ መሙላት ይከብደዋል።

ለማን ይገባል

የስኮትላንድ መመሪያ እ.ኤ.አ. በ2010 ያስቀመጠው ልክ ዛሬም የሚሠራበት ነው፦ ባለፈው አንድ ዓመት 7 ጊዜና በላይ፣ ወይም በተከታታይ ሁለት ዓመት በየዓመቱ 5 ጊዜ፣ ወይም በተከታታይ ሦስት ዓመት በየዓመቱ 3 ጊዜ። እያንዳንዱ ሕመም ከቶንሲል የመጣ፣ ሥራን ወይም ትምህርትን ያስተጓጎለ መሆን አለበት። በእንግሊዝ እ.ኤ.አ. ከ2019 ጀምሮ የመንግሥት ገንዘብ የሚከፈለው በዚህ ልክ ነው፤ ያላሟላ ይመለሳል።

ብዙ ሰው የሚወድቀው በማስረጃ ነው። «ሁልጊዜ ያመኛል» ማለት አይቆጠርም። ስልክ ላይ አንድ ማስታወሻ ይክፈቱና በታመሙ ቁጥር አምስት ነገር ይጻፉ፦ ቀኑን፣ በቴርሞሜትር የተለካ ትኩሳት፣ ቶንሲሉ ላይ ነጭ ነገር መኖሩን፣ ከመንጋጋ በታች የሚያም እብጠት መኖሩን፣ ከሥራ የቀሩበትን ቀን ብዛት። ሳልና የአፍንጫ ፈሳሽ ካለ ያ በአብዛኛው ጉንፋን ስለሆነ ለይተው ያስቀምጡት። የስድስት ወር ማስታወሻ ይዞ የሚገባ ታካሚና ባዶ እጁን የሚገባ ታካሚ ከከአንገት በላይ ሐኪሙ የሚያገኙት መልስ አንድ አይደለም።

ከዚህ ቆጠራ ውጭ የሆኑም አሉ። ቶንሲል ጎን መግል ቋጥሮ በመርፌ ወይም በምላጭ የተከፈተለት ሰው፣ በተለይ ሁለተኛ ጊዜ ሲሆን፣ ሰባት እስኪሞላ አይጠብቅም። ቶንሲሉ ተገናኝቶ ሊነካካ የደረሰና በእንቅልፉ ትንፋሹ የሚቋረጥበትም እንዲሁ። አንዱ ቶንሲል ብቻ ያለ ሕመም እያደገ ከሄደ ጉዳዩ የኑሮ ጥራት ሳይሆን የካንሰር ምርመራ ነውና ቀጠሮ አይራዘም። ቶንሲል ጉድጓድ ውስጥ የሚጠራቀመውና የሚሸተው ነጭ ጠጠር ግን ብቻውን ለዚህ ሁሉ ሥቃይ አያበቃም፤ ከምግብ በኋላ በጨው ውሃ አጥብቆ መጉመጥመጥ አብዛኛውን ያወጣዋል።

ክፍሉ ውስጥ የሚሆነው

ምግብ ለኦፕራሲዮኑ ስድስት ሰዓት ሲቀረው ይቆማል፣ ንጹሕ ውሃ ሁለት ሰዓት እስኪቀረው ድረስ ይፈቀዳል። ሙሉ ማደንዘዣ ተሰጥቶ በአፍ የመተንፈሻ ቱቦ ይገባል። አፉ ምላስን ወደ ታች በሚጫን ብረት ተከፍቶ ይያዛል። የሚነቃነቅ ጥርስ ወይም ሰው ሠራሽ ጥርስ ካለ አስቀድሞ መነገር ያለበት በዚህ ብረት ምክንያት ነው። ከዚያ ሐኪሙ ቶንሲሉን ይዞ ወደ መሐል ይስባል፣ ልባሱን ከላይ ይከፍታል፣ በቶንሲሉ ሽፋንና በጉሮሮ ጡንቻ መካከል ያለውን ስስ ክፍተት ይዞ ወደ ታች እየለየ ሥሩ ላይ ይቆርጣል። ሁለቱም ወገን ብዙ ጊዜ ከአንድ ሰዓት በታች ያልቃል። ቁስሉ አይሰፋም፣ ክፍት ሆኖ ይቀራል። ምግብ በሚያልፍበት ቦታ የተጋለጠ ጡንቻ ስለሆነ ነው ሕመሙ ሁለት ሳምንት የሚሄደው።

መሣሪያው ሦስት ዓይነት ነው። መቀስና መላጫ ያለበት ቀዝቃዛው ዘዴ፣ ደም ሥርን እየተኮሰ የሚሄደው ባይፖላር ዳያተርሚ፣ በጨው ውሃ ውስጥ በሬዲዮ ሞገድ የሚሠራው ኮብሌሽን። ኮብሌሽን ከ40 እስከ 70 ዲግሪ ሴልሺየስ ስለሚሠራ «ሕመም የሌለው» እየተባለ ይተዋወቃል። በእንግሊዝና በሰሜን አየርላንድ እ.ኤ.አ. ከ2003 እስከ 2004 በ33,921 ሰዎች ላይ የተደረገው ክትትል ግን ትኩስ መሣሪያዎች ከቀዝቃዛው ይልቅ ከፍ ያለ በኋላ የመድማት አደጋ እንዳላቸው አሳይቷል። በእኛ ግምት አንድ አዋቂ ለኮብሌሽን ብቻ ብሎ ተጨማሪ ገንዘብ የሚከፍልበት ምክንያት የለም። ከመሣሪያው ይልቅ «ከእርስዎ ታካሚዎች ስንቱ ደምቶ ተመልሷል?» የሚለው ጥያቄ ይጠቅማል። ቁጥሩን ሳያመነታ የሚነግር ሐኪም ይመረጣል፣ «እኔ ዘንድ አይደማም» የሚል አይመረጥም።

የቶንሲሉን ሽፋን ትቶ ውስጡን ብቻ የሚያነሣ ዘዴም አለ። ሕመሙም መድማቱም ይቀንሳል። ለመተንፈስ ችግር መልካም ነው፤ ለሚመላለስ ኢንፌክሽን ግን የቀረው ሥጋ ሊያድግ ወይም እንደገና ሊታመም ስለሚችል ሙሉው ይሻላል ባዮች ነን።

ማደንዘዣ ሰጪውን አንድ ነገር ይጠይቁ፦ በኦፕራሲዮኑ መሐል አንድ ጊዜ በደም ሥር የሚሰጥ ዴክሳሜታሶን የተባለ ስቴሮይድ መድኃኒት። ማስመለስንም ሕመምንም ይቀንሳል፣ ርካሽም ነው። ከኦፕራሲዮን በኋላ ለመከላከል ተብሎ የሚታዘዝ አንቲባዮቲክ ግን ሕመሙንም መድማቱንም እንደሚቀንስ አልታየም።

ሦስተኛው ቀን ያታልላል

በመጀመሪያው ማግስት ታካሚው «ይኸው ነው እንዴ?» ይላል። የማደንዘዣውና የዴክሳሜታሶኑ ርዝራዥ ነው። ከሦስተኛው እስከ ሰባተኛው ቀን ሕመሙ ጫፍ ይደርሳል። ብዙ ሰው መድኃኒቱን የሚያቆመው በሁለተኛው ቀን «ተሻለኝ» ብሎ ነው፤ በአራተኛው ቀን ምራቅ መዋጥ ሲያቅተው ውሃ ይተዋል፣ ጉሮሮው ይደርቃል፣ የደረቀ ቁስል ደግሞ የባሰ ያማል። ከዚህ አዙሪት የገባ ሰው ብዙ ጊዜ የሚወጣው በሆስፒታል ግሉኮስ ነው።

ማስፈራት የሌለባቸው ነገሮች ይታወቁ። ቶንሲሉ የነበረበት ቦታ በነጭና ቢጫ ሽፋን ይለበጣል፤ መግል አይደለም፣ የቁስል ቅርፊት ነው፣ አይነካም፣ በጥጥ አይጠረግም። ጆሮ ይወጋል፤ የጉሮሮው ነርቭ ቅርንጫፍ ወደ ጆሮ ስለሚሄድ ነው እንጂ ጆሮ አልታመመም። አፍ ይሸታል። እንጥል አብጦ ምላስ ላይ ሊተኛ ይችላል፤ በቀናት ውስጥ ራሱ ይመለሳል፣ «እንጥሉ ወርዷል» ብሎ ወደ ቆራጭ የሚወስድ ዘመድ ካለ በር ላይ ይመለስ። በሁለት ትራስ ከፍ ብሎ መተኛት እብጠቱን ያቀላል። በበጋ የአዲስ አበባ ሌሊት አየር ደረቅ ስለሆነና አፍ ተከፍቶ ስለሚተኛ፣ አልጋ አጠገብ እርጥብ ፎጣ መስቀልና ሌሊት ተነሥቶ ሁለት ጉንጭ መጠጣት ጠዋትን ይለውጣል።

ማዘዣው

የአገልግሎቱ ደካማ ጎን እዚህ ላይ ነው።

መሠረቱ ሁለት ተራ መድኃኒት ነው። ፓራሲታሞል 1 ግራም በየስድስት ሰዓቱ፤ ጠዋት 12፣ ቀን 6፣ ማታ 12፣ ሌሊት 6 ሰዓት። በ24 ሰዓት ከ4 ግራም አያልፍም። ከ50 ኪሎ በታች የሚመዝን ሰው መጠኑን በኪሎ ያሰላለት ዘንድ ሐኪሙን ይጠይቅ። ከዚያ አይቡፕሮፌን 400 ሚሊግራም በየስምንት ሰዓቱ፣ ጠዋት 2፣ ከሰዓት 10፣ ሌሊት 6 ሰዓት፣ ሁልጊዜ ሆድ ውስጥ አንድ ነገር ካለ በኋላ። የስልክ ማንቂያ ይሞላ። ሕመሙን ጠብቆ መዋጥ ሳይሆን ሰዓቱን ጠብቆ መዋጥ ነው። ከምግብ ግማሽ ሰዓት በፊት የተወሰደ ፓራሲታሞል አጥሚቱ እንዲወርድ መንገድ ይከፍታል።

ክኒን መዋጥ ሲያቅት ሽሮፕ ይመጣል፣ እዚህ ላይ የሚሠራ ስሕተት አለ። ጠርሙሱ ላይ «125 ሚሊግራም በ5 ሚሊሊትር» የሚል ከሆነ 1 ግራም ለማግኘት 40 ሚሊሊትር ያስፈልጋል። አንድ የሻይ ማንኪያ ቀምሶ «ፓራሲታሞል አልሠራልኝም» የሚለው ሰው ከሚያስፈልገው ስምንተኛውን ነው የወሰደው።

አይቡፕሮፌን ለሁሉም አይሆንም። የጨጓራ ቁስለት፣ የኩላሊት ችግር፣ በሕመም ማስታገሻ የሚነሣ አስም ያለበት ሰው ይናገር። ጨጓራ በአገራችን የተለመደ ነው፣ ሳይበላ የሚውል የጉሮሮ ቁስለኛም ጨጓራው ባዶ ነውና የጨጓራ አሲድ የሚቀንሰው ኦሜፕራዞል አብሮ መታዘዙ አግባብ ነው። መድማት ያበዛል የሚለውን ፈርተው የሚከለክሉ ሐኪሞች አሉ፤ ክርክሩ አላለቀም፣ የራስን ሐኪም ቃል መከተል ነው። አስፕሪን ግን ለማስታገሻ ተብሎ በጭራሽ አይወሰድም።

አሁን ወደ ዋናው። ሕመሙ ሲበረታ የሚታዘዙት ኮዴይንና ትራማዶል ናቸው። በብሪታንያ ኮ-ኮዳሞል 30/500 የሚባለው ክኒን 30 ሚሊግራም ኮዴይንና 500 ሚሊግራም ፓራሲታሞል ነው። ኮዴይን ብቻውን ደካማ ነው፤ የሚያስታግሰው ጉበት ውስጥ ሲዋይፒ2ዲ6 የተባለው ኤንዛይም ወደ ሞርፊን ሲለውጠው ነው። ትራማዶልም በዚያው ኤንዛይም ወደ ጠንካራ ቅርጹ ይለወጣል። የዚህ ኤንዛይም ዘረመል በአንዳንድ ሰው ላይ ተባዝቶ ይገኛል፤ ያ ሰው ኮዴይንን ከልክ በላይ በፍጥነት ወደ ሞርፊን ይለውጣል። እ.ኤ.አ. በ1996 በታተመ ጥናት ከተመረመሩት ኢትዮጵያውያን 29 በመቶው ይህ ብዜት ተገኝቶባቸዋል። በሰሜን አውሮፓውያን ዘንድ ከ1 እስከ 2 በመቶ ገደማ ነው።

ስለዚህ ለለንደን ወይም ለስቶክሆልም ታካሚ ተብሎ የተለካ የኮዴይን መጠን ለብዙ ኢትዮጵያዊ ያልታሰበ የሞርፊን መጠን ሊሆን ይችላል። ምልክቱ ከባድ እንቅልፍ፣ መፍዘዝ፣ የጠበበ የዓይን ብሌን፣ ማስመለስ፣ ቀስ ያለ ትንፋሽ ነው። ቶንሲል ከወጣ በኋላ ጉሮሮው ስለሚያብጥ፣ በእንቅልፍ ትንፋሹ የሚቋረጥበት ሰው ደግሞ ድርብ አደጋ አለበት። የአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ሕፃናት ከሞቱ በኋላ እ.ኤ.አ. በ2013 ቶንሲል ለወጣላቸው ልጆች ኮዴይንን ከለከለ፣ በ2017 ከ18 ዓመት በታች ላሉት ትራማዶልን ጨመረ። ለአዋቂ አልተከለከለም። የእኛ ምክር ግን ቁርጥ ያለ ነው፦ ኢትዮጵያዊ ወይም ኤርትራዊ ትውልድ እንዳለዎት ለማደንዘዣ ሐኪሙ ይንገሩ፣ ኮዴይንና ትራማዶል እንዳይታዘዝልዎ ይጠይቁ፣ ጠንከር ያለ ካስፈለገ በዚህ ኤንዛይም ላይ የማይንጠለጠል፣ ለምሳሌ በትንሽ መጠን የተለካ የሚጠጣ ሞርፊን፣ ለጥቂት ቀን እንዲሰጥዎ ይወያዩ። ቀደም ሲል ኮዴይን ወስዶ ራሱን ያዞረው ወይም ያስመለሰው ሰው ይህን ማስታወሻ አድርጎ ይያዝ።

አሜሪካ ላሉ ደግሞ ሌላ ወጥመድ አለ። ኖርኮ፣ ቫይከዲን፣ ፐርኮሴት በሚባሉት ውስጥ ፓራሲታሞል አብሮ ተቀላቅሏል፤ እዚያ ስሙ አሴታሚኖፌን ነው፣ ታይለኖልም እሱው ነው። ከክኒኑ ላይ ታይለኖል ሲደረብ 4 ግራሙ ሳይታወቅ ይታለፋል፣ ዕዳው የጉበት ነው።

የሚበላውና የማይበላው

«በረዶና አይስክሬም ብቻ» የሚለው ያረጀ ምክር ነው። ቀዝቃዛ ነገር ያደነዝዛል፣ መልካም ነው። ማኘክና መዋጥ ግን የጉሮሮን ጡንቻ ስለሚያፍታታ ከአፍ መዝጋት ይሻላል። መጠጥ በቀን ከ2 እስከ 3 ሊትር፣ በየሩብ ሰዓቱ ጥቂት ጥቂት። ሽንት ጥቁር ቢጫ ከሆነ አልበቃም።

የአበሻ ወጥ ቤት ለዚህ ሕመም ከፈረንጁ ይበልጣል ብንል አላጋነንም። ለብ ያለ አጥሚት፣ ቀጭን ገንፎ፣ እርጎ፣ አልጫ ፍርፍር፣ ነጭ ሽሮ፣ የአቮካዶ ጁስ። ጾም ከሆነ ተልባ ከሁሉ ይሻላል፣ ልዝብ ስለሆነ ቁስሉን ሳይቧጥጥ ይወርዳል፤ ሱፍ ፍትፍትና የአብሽ ውሃም ይሆናሉ። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ያለ ውሃ መዋል ግን በነዚህ ሁለት ሳምንታት የሰውነት ድርቀት ያመጣል፤ ጾመኛ ክርስቲያን ከንስሐ አባቱ ጋር ይነጋገር፣ ሙስሊሙም ለታማሚ የተሰጠውን ፈቃድ ይጠቀም። ከተቻለ ቀጠሮውን ከዐቢይ ጾምና ከረመዳን ውጭ ማድረግ ይሻላል።

በርበሬ፣ ሚጥሚጣ፣ ሎሚ፣ ቲማቲም፣ ዝንጅብል ያቃጥላሉ። እንጀራም በእርሾው ኮምጣጣነት በመጀመሪያው ሳምንት ሊያቆስል ይችላል፣ በወጥ ራሰ ብሎ ይበላ። ቆሎ፣ ድርቆሽ፣ የዳቦ ቅርፊት ይቆዩ። ጠያቂ ይዞት የሚመጣው ብርቱካን ለጠያቂው ይላጥለት። ቡና ቀዝቀዝ ብሎ ይጠጣል። በነጭ ሽንኩርት የተዘፈዘፈ አረቄ እንደ መድኃኒት የሚሰጥ ካለ ቁስል ላይ አልኮል ማፍሰስ መሆኑ ይታወቅ። ጫትም በቅጠሉ ሻካራነትና አፍ በማድረቁ ለሦስት ሳምንት ይቅር። ማር ሕመም እንደሚያቀል ትናንሽ ጥናቶች ያሳያሉ፣ ጉዳት የለውም፣ የስኳር ሕመምተኛ ካልሆኑ በቀር።

ደም ሲታይ

በመጀመሪያው ቀን የሚደማው ሆስፒታል ውስጥ ነው የሚታየው። የሚያሠጋው ቅርፊቱ የሚወድቅበት ከአምስተኛው እስከ አሥረኛው ቀን ያለው ነው። ምራቅ ላይ የታየ ክር የመሰለ ደም በቀዝቃዛ ውሃ ተጉመጥምጦ ቆሞ እንደሆነ ሐኪም ዘንድ ይደወላል። ደማቅ ቀይ ደም እየመጣ ከሆነ አይደወልም፣ ይሄዳል። ወደ ፊት ጎንበስ ብሎ መቀመጥ፣ ደሙን መትፋት እንጂ አለመዋጥ፤ የተዋጠ ደም ያስመልሳል፣ ስንት እንደፈሰሰም ይደብቃል። በጀርባ አይተኛም። ምንም አይበላም፣ አይጠጣም፤ እንደገና ማደንዘዣ ሊያስፈልግ ይችላል። መኪናውን ራስዎ አይንዱ።

ከዚህ የሚከተል ነገር፦ ከኦፕራሲዮኑ በፊት ሌሊት 9 ሰዓት ላይ የሚቀበል፣ ከአንገት በላይ ሐኪምና ኦፕራሲዮን ክፍል ያለው ሆስፒታል የቱ እንደሆነ ማወቅ ያስፈልጋል። ኦፕራሲዮኑን የሠራው ክሊኒክ ማታ በር የሚዘጋ ከሆነ ዋጋው ቢረክስም ለዚህ አገልግሎት አይመጥንም። በክፍለ ሀገር የሚኖር ሰው ለሁለት ሳምንት ከሆስፒታሉ በአንድ ሰዓት ርቀት ውስጥ ማረፊያ ይፈልግ።

ከዚያ ወዲያ ምን ይቀራል

አብዛኛው ሰው በሁለት ሳምንት ሥራ ይመለሳል። ጣዕም የመቀየር ነገር በጥቂት ሰው ይታያል፣ ምላስ በብረቱ በመጫኑ ወይም በነርቭ መነካት ነው፣ በአብዛኛው በወራት ይመለሳል። ድምፅ በትንሹ ሊለወጥ ስለሚችል ዘማሪ፣ ዘፋኝ፣ ቀዳሽ ከአንድ ወር በፊት ድምፁን አያስጨንቅ። የሰውነት መከላከያ አቅም ይዳከማል የሚለው ፍርሃት በአዋቂ ላይ መሠረቱ ደካማ ነው፤ ምላስ ሥርና አፍንጫ ጀርባ ተመሳሳይ ሥጋ ይቀራል።

ልብን በተመለከተ በአገራችን የሚነገረው ግማሹ እውነት ነው። ያልታከመ የስትሬፕ ጉሮሮ ሩማቲክ የልብ ሕመም ያመጣል። ቶንሲል ማስወጣት ግን ከዚህ ይጠብቃል ተብሎ አይታመንበትም፤ የሚጠብቀው የፔኒሲሊን ሕክምና ነው። ልቡ የተነካ ሰው በየሦስት ወይም አራት ሳምንቱ የሚወጋውን ቤንዛቲን ፔኒሲሊን ቶንሲሉ ስለወጣ አያቋርጥም። ሰው ሠራሽ የልብ ቫልቭ ያለው፣ ዋርፋሪን የተባለውን ደም ማቅጠኛ የሚወስድ ሰው ደግሞ ያለ ልብ ሐኪሙ ስምምነት ቀጠሮ አይያዝ፤ የመድማቱም፣ ከኦፕራሲዮኑ በፊት የሚሰጠው አንቲባዮቲክም ጉዳይ እዚያ ይወሰናል።

በጣት ተቧጥጦ ወይም በምላጭ ተቆርጦ በባሕል አዋቂ የሚደረገው «ቶንሲል ማስወጣት» ከዚህ ሕክምና ጋር ስም እንጂ ሌላ የሚያገናኘው የለም። ቶንሲሉ ሥሩ አይወጣም፣ ደሙ የሚቆምበት መሣሪያ የለም፣ ምላጩ ከሰው ሰው በሽታ ያሻግራል።

ከዓረብ አገር ወይም ከአውሮፓ ለዕረፍት መጥተው አዲስ አበባ ላይ ለሚያስወጡ አንድ ስሌት ይቀራል። እስከ አሥራ አራተኛው ቀን አውሮፕላን ላይ አይወጣም፤ ከመሬት በላይ በአሥር ሺህ ሜትር ላይ የሚደማ ጉሮሮን የሚያክም የለም። የሦስት ሳምንት ዕረፍት ያለው ሰው ኦፕራሲዮኑን በመጀመሪያዎቹ አራት ቀናት ውስጥ ያስይዝ፣ ከመብረሩ በፊት ሐኪሙ ጉሮሮውን ዓይቶ ቅርፊቱ ሙሉ በሙሉ መውደቁን ያረጋግጥለት። ከሁለት ሳምንት ያነሰ ዕረፍት ብቻ ከቀረው ግን ለሚቀጥለው ዓመት ያስተላልፈው።